ኬዲቭ ኢስማዒል፦ መሐል ካይሮን በብድር የሠራው ሰው



ከታሕሪር አደባባይ ተነሥቶ በጠልዓት ሐርብ ጎዳና አድርጎ ወደ ዐታባ የሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ሳያይ አያልፍም። ቀና ሲል የአበባ ጉንጉንና የሰው ምስል የተቀረጸባቸው፣ ጢስና አቧራ ያጠቆራቸው ታላላቅ ፎቆች ይታዩታል። ዝቅ ሲል ደግሞ ጫማ ሻጩ፣ ሰዓት ጠጋኙ፣ ልብስ ሰፊው፣ አሮጌ መጻሕፍት የሚቸረችረው ሽማግሌና በትሪ ሻይ የሚያመላልሰው ልጅ አሉ። በዚህ ሰፈር ላይ ለብዙ ዓመታት ሲብላላ የቆየው ክርክርም በነዚሁ በሁለቱ መካከል ነው። ላይኛው ታድሶ ለሆቴል፣ ለቢሮና ለጎብኚ ሲዘጋጅ የታችኛው ወዴት ይሄዳል? ያረጀውን ማፍረስ ይሻላል ወይስ ማደስ? ከታደሰስ ለማን?

ነገሩ የግብፃውያን የቤት ጉዳይ ነው ብለን ልናልፈው እንችል ነበር። ሰፈሩ ሲነሣ አብሮ የሚነሣው ሰው ግን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። መሐል ካይሮን የቆረቆረው ኬዲቭ ኢስማዒል፣ በ1875ና በ1876 ጦሩን ወደ አገራችን ልኮ ጉንደትና ጉራ ላይ ያስፈጀው ያው ኢስማዒል ነው። እኛ በትምህርት ቤት ያወቅነው በሽንፈቱ ብቻ ነበር። ጦሩ የተላከበት ገንዘብና እነዚህ ጎዳናዎች የተዘረጉበት ገንዘብ ከአንድ ከረጢት የወጣ መሆኑን ግን እዚህ መጥተን እስክናነብ ድረስ አላወቅንም። ስለዚህ በዚህ እትም የዚህን ሰው ሕይወት ባጭሩ ለመተረክ ተነሥተናል። (ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኢስማዒል በ1830 በአሮጌው ካይሮ፣ በጀማሊያ ሰፈር፣ ሙሳፊርኻና በተባለው ቤተ መንግሥት ተወለደ። ይህ ቤት በ1998 በእሳት ወድሟል፤ ስለ ቅርስ ብዙ በሚወራበት ከተማ የመሐል ከተማው ቆርቋሪ የተወለደበት ቤት አልተረፈም ማለት ነው። አያቱ የግብፅን ሥልጣን ከመምሉኮች ነጥቆ የያዘው መሐመድ ዓሊ ነው። አባቱ ኢብራሂም ፓሻ ደግሞ ዛሬም በኦፔራ አደባባይ ፈረሱ ላይ ተቀምጦ የምናየው የጦር አበጋዝ ነው። ልጁ ኢስማዒል በሕፃንነቱ ዓይኑን ታሞ ለሕክምና ወደ ቪየና ተላከ፤ ከዚያም ፓሪስ ገብቶ በጦር መኮንኖች ትምህርት ቤት ተማረ። ለገዢነት ግን ተራው አልነበረም። ታላቅ ወንድሙ አሕመድ ሪፍዐት ነበር የአጎታቸው የሰዒድ ፓሻ አልጋ ወራሽ። በ1858 አሕመድ የተሳፈረበት ባቡር ከፍር አል-ዘያት ላይ የዐባይን ወንዝ በጀልባ ሲሻገር ወንዙ ውስጥ ወደቀና ሰውየው ሰጠመ። ድልድይ ያልነበረው አንድ መሻገሪያ የግብፅን ታሪክ ቀየረ። ሰዒድ በጥር 1863 ሲሞት ኢስማዒል በ32 ዓመቱ ሥልጣን ያዘ።

የተረከባት አገር ገንዘብ እንደ ጎርፍ የሚገባባት አገር ነበረች። ምክንያቱ ሩቅ ነው። ሰሜንና ደቡብ አሜሪካኖች እርስ በርስ ሲዋጉ የደቡቡ ጥጥ ወደ እንግሊዝ ፋብሪካዎች መድረስ አቃተው፤ የግብፅ ጥጥ ዋጋ በጥቂት ዓመታት ብዙ እጥፍ ናረ። ኢስማዒል ራሱ ከአገሪቱ ትላልቅ ባለመሬቶች አንዱ ስለ ነበር ይህን ከማንም ቀድሞ ተረዳ። ቦይ ያስቆፍር፣ የባቡር ሐዲድ ያስዘረጋ፣ የስኳር ፋብሪካ ያስተክል ጀመር። በ1873 የተፈጸመው የኢብራሂሚያ ቦይ በሰው እጅ ከተቆፈሩት የዓለም ረጃጅም የመስኖ ቦዮች አንዱ ነው። እዚህ ላይ የሙያችን ነገር ሆኖ አንድ ቃል ሳንጨምር ማለፍ አልሆነልንም። ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1851 በዚሁ በካይሮ በቀስር አል-ዐይኒ ሆስፒታል ያገኘው ትል፣ ዓመቱን ሙሉ ውሃ የማይለየውን መስኖ ተከትሎ ከቀንድ አውጣው ጋር ወደ ገበሬው መንደር በሰፊው ገባ። ጥጡ ወደ ማንቸስተር ሄደ፤ ደም የሚያሸናው በሽታ ከፈላሑ ጋር ቀረ።

በ1865 የአሜሪካ ጦርነት ሲያልቅ የጥጥ ዋጋ ወደቀ። የኢስማዒል ወጪ ግን ከዋጋው ጋር አብሮ አልወረደም። እንዲያውም ትልቁ ወጪ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

በ1867 በፓሪስ በተከፈተው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ኢስማዒል በእንግድነት ተገኘ። ባሮን ኦስማን የድሮዋን ፓሪስ አፍርሶ ሰፋፊ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችን ያወጣበት ጊዜ ነበርና ከተማው ዓይኑን ማረከው። በዚያው ዓመት የኦቶማኑ ሱልጣን ኬዲቭ የሚለውን ማዕርግ ሰጠው፤ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1866 ሥልጣኑ ከአባት ወደ በኩር ልጅ እንዲተላለፍ ፈቅዶለት ነበር። ይህም በነፃ አልነበረም፤ ግብፅ በየዓመቱ ለኢስታንቡል የምትከፍለው ግብር ወደ እጥፍ ገደማ አደገ። ኢስማዒል ወደ አገሩ ሲመለስ የስዊዝ ቦይ ሊመረቅ ሁለት ዓመት ብቻ ቀርቶት ነበር። የአውሮፓ ነገሥታት ሲመጡ የምታሳያቸው ካይሮ እንድትኖር ፈለገ። ዓሊ ሙባረክ የተባለውን ብርቱ መሐንዲስ የሥራ ሚኒስትር አድርጎ ሾመና ከአሮጌው ከተማ በስተምዕራብ እስከ ዐባይ ዳር በተዘረጋው ሜዳና እርሻ ላይ አዲስ ሰፈር ቀየሰ። ስሙንም ኢስማዒሊያ አለው። በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ደረጃውን የጠበቀ ቤት ለመሥራት ለሚችል ሰው መሬቱ በነፃ ይሰጠው ነበር። በነፃ ሲባል ለሀብታም በነፃ ማለት መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ቤት ለመሥራት ገንዘብ የሌለው ሰው ነፃ መሬት ምን ይሠራለታል?

የጋዝ መብራት ገባ። የአዝበኪያ ሜዳ በፈረንሳዊ የአትክልት ባለሙያ ንድፍ መናፈሻ ሆነ። በዐባይ ላይ የቀስር አል-ኒል ድልድይ ተሠራ፤ አራቱ የነሐስ አንበሶች ያኔ የመጡ ናቸው። ለፈረንሳይ ንግሥት ለኧዤኒ ማረፊያ በገዚራ ደሴት የተሠራው ቤተ መንግሥት ዛሬ ሆቴል ነው። የኦፔራ ቤቱ ደግሞ በወራት ጊዜ፣ በአብዛኛው ከእንጨት ተሠርቶ በኅዳር 1869 መጀመሪያ ላይ በቬርዲ ሪጎሌቶ ተከፈተ። በዚያው ወር ቦይው ተመረቀ።

ኢስማዒል ግን በሌላው ቤት የተዘመረ ኦፔራ አልበቃውም፤ ለራሱ ቤት የተጻፈ ፈለገ። ቬርዲ 150,000 ፍራንክ ተከፍሎት አይዳን ጻፈ። ልብስና መጋረጃው ፓሪስ በፕሩሲያ ጦር በተከበበች ጊዜ እዚያው ታግቶ ስለ ነበር ትርኢቱ ዘግይቶ በታኅሣሥ 1871 በካይሮ ታየ። ታሪኩ በግብፅ ምድር ስለ ተማረከች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን። የተማረከችው ኢትዮጵያዊት በመድረክ ላይ ስትዘፍን ኬዲቩ በሰገነቱ ተቀምጦ ሲያይ፣ በቀጣዩ ዓመት ሹሙ ሙንዚንገር ከምፅዋ ተነሥቶ ቦጎስን (ከረንን) ያዘ። አንዱ የሌላው መንስኤ ነው ልንል አንደፍርም። ነገር ግን ምኞቱ ከየትኛው ምንጭ ይቀዳ እንደ ነበር መድረኩም ጦሩም ያመለክታሉ።

አዲሱ ሰፈር በሜዳ ላይ ስለ ተሠራ ያፈናቀለው ሰው ብዙ አልነበረም። በአሮጌው ከተማ በኩል ግን ሌላ ነበር። ከዐታባ እስከ ግንቡ ሥር ድረስ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው የመሐመድ ዓሊ ጎዳና በ1870ዎቹ ሲወጣ በካርታ ላይ በማስመሪያ የተሰመረውን መሥመር ተከትሎ በመቶ የሚቆጠሩ ቤቶችን፣ መታጠቢያዎችንና ዳቦ ቤቶችን ቆርጦ አለፈ። በአሥራ አራተኛው ምዕተ ዓመት የተሠራው የቀውሱን መስጊድ እንኳ ከፊሉ ፈረሰ። የፈረሰባቸው ሰዎች ወዴት ሄዱ? የጎዳናው ርዝመትና ስፋት፣ የመሐንዲሱም ስም በየመጽሐፉ ተጽፏል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ኢስማዒል ሲነግሥ የሰዒድ ዕዳ ሦስት ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። ሰዒድ ለደ ሌሴፕስ የሰጠው የስዊዝ ውል ከዕዳው የባሰ ነበር፤ ግብፅ መሬቱንም የግዳጅ ሠራተኛውንም ልትሰጥ ተዋውላለች። ኢስማዒል ፈላሑን በግዳጅ ማሠራቱን ለማስቀረትና መሬቱን ለማስመለስ ሲነሣ ጉዳዩ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሦስተኛው ናፖሌዎን ዳኝነት ቀረበ። ዳኛው በ1864 ግብፅ ለኩባንያው 84 ሚሊዮን ፍራንክ ካሳ ትክፈል ብሎ ፈረደ። የግዳጅ ሥራን ለማቆም የፈለገ መንግሥት ስላቆመ ተቀጣ። ይህን የምናነሣው ኢስማዒልን አባካኝ ብቻ አድርገው የሚስሉት አበዳሪዎቹ የጻፉት ታሪክ ስላለ ነው። አባካኝስ ነበር። ነገር ግን አበዳሪው የአባካኙን ጠባይ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ንግዱም በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው። በ1873 የወሰደው ብድር በወረቀት ላይ 32 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን ግብፅ ያገኘችው ወደ 20 ሚሊዮን ብቻ ነው። ወለዱ ግን የሚታሰበው በ32ቱ ላይ ነበር። የቀረውን ፈላሑ ይሸፍን ነበር። በ1871 የወጣው የሙቃበላ ሕግ የስድስት ዓመት የመሬት ግብር አስቀድሞ ለከፈለ ሰው ግብሩን ለዘለዓለም በግማሽ የሚቀንስ ነበር። የነገን ልጆች ገቢ ዛሬ መብላት ከዚህ በላይ እንዴት ይገለጻል?

በዚህ ሁኔታ ላይ ነው ወደ እኛ የመጣው። አሳቡ ከዐባይ ምንጭ እስከ ቀይ ባሕርና እስከ ሕንድ ውቅያኖስ የሚደርስ የአፍሪካ ግዛት ማቆም ነበር። በ1875 በልግና ክረምት መካከል አልቆመም፤ በጥቅምት ራውፍ ፓሻ ሐረርን ያዘ። ሙንዚንገር ከታጁራ ወደ መሐል አገር ሲገሰግስ በአውሳ በአፋሮች እጅ ወደቀ። በዴንማርካዊው አሬንድሩፕ የተመራው ጦር ደግሞ በኅዳር አጋማሽ ጉንደት ላይ በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተከቦ አለቀ፤ አዛዡም እዚያው ሞተ። አሥር ቀን ገደማ ቆይቶ፣ ኅዳር 25 ቀን 1875፣ የእንግሊዝ መንግሥት የኢስማዒልን 176,602 የስዊዝ ቦይ አክሲዮን በአራት ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ገዛ። ብዙ ሺህ ፈላሕ ጉልበቱንና ሕይወቱን የከፈለበት ቦይ በአንድ ሳምንት ድርድር ከግብፅ እጅ ወጣ።

ኢስማዒል በዚህም አልተመለሰም። በራቲብ ፓሻ የሚመራ ከመጀመሪያው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጦር አዘመተ፤ ልጁን ልዑል ሐሰንንም አብሮ ላከ። የጦሩ ዋና አማካሪ ሎሪንግ የሚባል አሜሪካዊ ጄኔራል ነበር፤ በአሜሪካው ጦርነት ከተሸነፈው ከደቡቡ ወገን። የኢስማዒልን ጥጥ ያስወደደው ጦርነት ሲያልቅ ሥራ ፈቶች መኮንኖቹንም ለኢስማዒል ላከለት ማለት ነው! በመጋቢት 1876 ጉራ ላይ የሆነው የታወቀ ነው። የግብፅ ጦር ከምሽጉ ወጥቶ ሲዋጋ በአፄ ዮሐንስና በራስ አሉላ ጦር ተደመሰሰ። በሺህ የሚቆጠር ሬሚንግተን ጠመንጃና መድፍ በአገራችን ሰዎች እጅ ገባ። እዚያ ሜዳ ላይ የቀሩት ወታደሮች ግን አብዛኞቹ ከየመንደራቸው ታስረው የተወሰዱ ፈላሖች እንደ ነበሩ ዛሬ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በአንድ አዳራሽ የምንማር እኛ ልንረሳው አይገባም። ከጉራ አንድ ወር በኋላ፣ በሚያዝያ 1876፣ የግብፅ መንግሥት ዕዳውን መክፈል አቆመ።

ከዚያ በኋላ ያለው የተፋጠነ ነው። በግንቦት አበዳሪዎቹ በካይሮ የዕዳ መዝገብ ቤት አቋቋሙ፤ ጠቅላላው ዕዳ 91 ሚሊዮን ፓውንድ ተብሎ ተጠቀለለ። በኅዳር አንድ እንግሊዛዊና አንድ ፈረንሳዊ የአገሪቱን ገቢና ወጪ ተቆጣጣሪ ሆኑ። በዚያው ወር ኢስማዒል የገንዘብ ሚኒስትሩን፣ አብሮ አደጉንና የጡት ወንድሙን ኢስማዒል ሲዲቅን፣ ለሽርሽር ብሎ በሠረገላ አሳፈረው። ወደ ገዚራ ቤተ መንግሥት ሲደርሱ ሰውየው ተያዘ፤ ከዚያ ወዲያ በሕይወት ያየው የለም። የብድሩን ምሥጢር ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነበር። በ1877 የዐባይ ሙላት አነሰና በላይኛው ግብፅ ረኀብ ገባ። ሰው እየሞተ ሳለ በ1878 የወለዱ ክፍያ ቀን ሲደርስ ገንዘቡ በግርፋት ጭምር ተሰብስቦ በቀጠሮው ተከፈለ። አዲሶቹ አውሮፓውያን ሚኒስትሮች ደመወዛቸው ሳይከፈል የቆዩትን መኮንኖች ከሥራ ሲቀንሱ፣ በየካቲት 1879 መኮንኖቹ ሰልፍ ወጡ። ኢስማዒል ይህን ተጠቅሞ አውሮፓውያኑን አባረረና የራሱን ካቢኔ አቋቋመ። ምናልባት በሕይወቱ አንድ ጊዜ ከሕዝቡ ስሜት ጋር የተገጣጠመው በዚህ ጊዜ ነው፤ ግን ዘግይቷል። እንግሊዝና ፈረንሳይ ሱልጣኑን ያዙ። ሰኔ 26 ቀን 1879 ለቀድሞው ኬዲቭ ተብሎ የተላከ ቴሌግራም ደረሰው። ከአራት ቀን በኋላ ማሕሩሳ በተባለችው መርከቡ ወደ ኔፕልስ ሄደ፤ ልጁ ተውፊቅ ተተካ። (የልጅ ልጁን ንጉሥ ፋሩቅን በ1952 ወደዚያው ወደ ኔፕልስ የወሰደችው ይህችው መርከብ ናት።) ከሦስት ዓመት በኋላ እንግሊዝ ግብፅን ያዘች።

ሰፈሩስ ምን ሆነ? ይህን ስናጠና ያስገረመን ነገር አለ። ዛሬ ኬዲቫዊት ካይሮ ተብሎ ከሚጠራው ውስጥ በኢስማዒል ዘመን የተሠራው ጥቂት ነው። ጎዳናዎቹና አደባባዮቹ የእርሱ ናቸው። ቤቶቹ ግን አትክልት ያላቸው ቪላዎች ነበሩና ከ1890ዎቹ ጀምሮ መሬት ሲወደድ እየፈረሱ በፎቅ ተተኩ። አሁን እንዳይፈርሱ የምንሟገትላቸው ሕንፃዎች ራሳቸው በሌላ ሕንፃ ፍራሽ ላይ የቆሙ ናቸው ማለት ነው። የሠሯቸውም የጣሊያን፣ የፈረንሳይ፣ የኦስትሪያ አርክቴክቶች ሲሆኑ፣ ባለ መደብሮቹ ደግሞ ሶሪያውያን፣ አይሁድ፣ ግሪኮች፣ አርመኖች ነበሩ። በኻዚንዳር አደባባይ ያለው የሲድናዊ መደብር፣ በዐብደል ዐዚዝ ጎዳና ያለው የዑመር አፈንዲ፣ በዐታባ ጫፉ ላይ ሉል የተሸከመው የቲሪንግ ሕንፃ የዚያ ዘመን ናቸው። በጥር 26 ቀን 1952 እሳት ብዙውን በላ። በ1961 ትላልቆቹ መደብሮች የመንግሥት ሆኑ፤ ከባለቤቶቹ የሄዱት ሄዱ፣ ሕንፃዎቹም ብዙዎቹ በመድን ድርጅቶች እጅ ገቡ። የኦፔራ ቤቱ በጥቅምት 1971 ተቃጠለ፤ በቦታው የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ተሠራ። አደባባዩ ግን እስከ ዛሬ ኦፔራ እየተባለ ይጠራል። የማታትያ ሕንፃ፣ ከኢስማዒል ዘመን ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ፣ ጀማሉዲን አል-አፍጋኒ ከቡና ቤቱ ተቀምጦ ኬዲቩን የሚነቅፉ ወጣቶችን ያስተማረበት፣ በ1999 ፈረሰ። ለኢስማዒል ሐውልት ተብሎ በዛሬው ታሕሪር አደባባይ የተሠራው የድንጋይ መቆሚያ ደግሞ ሐውልቱ ሳይወጣበት አብዮት መጣና ለብዙ ዓመታት ባዶውን ቆሞ ቀረ።

አሁን ያለውን ክርክር ለመረዳት የኪራዩን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ከ1940ዎቹ ጀምሮ በወጡ ሕጎች የቤትና የሱቅ ኪራይ ባለበት እንዲቆም፣ ውሉም ለወራሽ እንዲተላለፍ ተደረገ። በመሆኑም በከተማው ውድ ሥፍራ ላይ ያለ ሱቅ በወር ጥቂት ፓውንድ ብቻ የሚከፈልበት ሆነ። ባለ ሕንፃው በዚህ ገቢ አሳንሰር ሊጠግን፣ ቧንቧ ሊለውጥ አይችልም፤ እውነት አለው። ተከራዩ ደግሞ ሲገባ ብዙ ገንዘብ የቁልፍ ብሎ ከፍሏል፣ አርባና ሃምሳ ዓመት ደንበኛ አፍርቷል፤ እርሱም እውነት አለው። በ2006 የወጣው 144ኛው ሕግ የተለየ አሠራር ያላቸውን ሕንፃዎች ማፍረስ ይከለክላል። መዝገብ ውስጥ ያልገባ ወይም ሊወድቅ ነው የተባለ ግን ይፈርሳል፤ ውሃ ከላይ እየለቀቁ እንዲወድቅ ማድረግም ይቻላል። በኦፔራ አደባባይ የነበረው የኮንቲኔንታል ሆቴል እንዲህ ሲከራከሩበት ኖሮ ፈረሰ። በ2008 ደግሞ ስሙን ከኢስማዒል ሰፈር የወሰደ የግል ኩባንያ ተቋቁሞ ከ20 የሚበልጡ ሕንፃዎች ገዛ። ከነዚህም ያደሳቸውን ስናይ ሥራው ያማረ መሆኑን አንክድም። መንግሥትም በበኩሉ የብዙ ሕንፃዎችን ፊት አጥቦ ቀለም ቀባ። ደረጃውን ወጥተን ውስጡን ያየን ሰዎች ግን ሽፍታውን በቅባት ሸፍኖ ጉበቱን ያልመረመረ ሐኪም ትዝ ይለናል።

ነገሩን ወደ መጨረሻው ያደረሰው በነሐሴ 2025 የጸናው 164ኛው ሕግ ነው። አሮጌው ኪራይ ወዲያው በብዙ እጥፍ ይጨምርና በየዓመቱ 15 በመቶ እያደገ፣ የንግድ ቤት ውል በአምስት ዓመት፣ የመኖሪያው በሰባት ዓመት ያበቃል። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ለፈለገው ያከራያል። የቅርስ ተከራካሪዎች ድንጋዩ ስለ ዳነ ደስ ሊላቸው ይችላል፤ ለጥገና ገንዘብ ይገኛልና። እኛ ግን የቅርስ ጉዳይ ተብሎ በሚጠራው ስብሰባ ሁሉ ላይ አርክቴክቱ፣ ባለ ሀብቱና ባለ ሥልጣኑ ሲናገሩ ሰዓት ጠጋኙ ሲናገር አልሰማንም። ጠጋኙ የተቀመጠባት አንድ ሜትር ተኩል ቦታ በንድፉ ላይ ቡና መጠጫ ተብላ ተጽፋ ልትሆን ትችላለች።

ይህን ሁሉ ስናትት አእምሯችን ካይሮ ብቻ አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፒያሳ አካባቢ፣ ዶሮ ማነቂያ ጭምር፣ ሲፈርስ ከዚህ ሆነን በስልክ ምስል ያየን ብዙዎች ነን። አንዳንዶቻችን በዚያ ያደግን ነን። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት በዐዋጅ ሲወረስ ኪራዩ ተቀንሶ በቀበሌ ሥር የሆነው ቤትና የካይሮው አሮጌ ኪራይ ወንድማማች ናቸው፤ ሁለቱም ድኻውን በመሐል ከተማ አቆዩ፣ ሁለቱም ቤቱን ያለ ጠጋኝ አስቀሩት። ልዩነቱ በካይሮ የአምስትና የሰባት ዓመት ጊዜ መሰጠቱ ነው። በፒያሳ የነበሩ ሰዎች የተሰጣቸውን ቀን ቤተሰቦቻችን ያውቁታል። አዲሱ መንገድና መናፈሻ አላማረም አንልም። የኢስማዒል አዝበኪያም አምሮ ነበር።

ኢስማዒል በኔፕልስ አጠገብ የጣሊያኑ ንጉሥ በሰጠው ቪላ ጥቂት ዓመታት ከኖረ በኋላ ወደ ኢስታንቡል እንዲገባ ተፈቀደለት። ወደ ካይሮ ለመመለስ ደጋግሞ ለመነ፤ አልተፈቀደለትም። መጋቢት 2 ቀን 1895 በቦስፎር ዳር ሞተ፤ ዐድዋ ሊሆን አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ነው። አስከሬኑ ግን ካይሮ ገባ። ያረፈው እናቱ ኹሽያር ሐኒም በ1869 ባስጀመረችው በሪፋዒ መስጊድ ነው። መስጊዱ ገንዘብ አልቆ ለብዙ ዓመታት ቆሞ የተፈጸመው በ1912 ነው። ልጁ ንጉሥ ፉአድም በዚያው ነው፤ በ1980 ደግሞ ከአገሩ የተሰደደው የኢራን ሻህ እዚያው ተቀብሯል።

ወደዚያ ለመሄድ የሚፈልግ አባል ቢኖር መንገዱ ቀላል ነው። ከዐታባ ተነሥቶ ያንኑ በማስመሪያ የተሰመረውን የመሐመድ ዓሊ ጎዳና ይዞ ወደ ግንቡ ማቅናት ነው። በግራና በቀኝ ባሉት ቅስቶች ሥር ዑድ የሚሠሩና የቤት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አሉ፤ በአሮጌ ኪራይ የተያዘ ካለ የአምስት ዓመቱ ቆጠራ ለእርሱም ጀምሯል። ባለፈው ዓርብ ስናልፍ አንዱ ሽማግሌ የዑዱን አንገት በብርጭቆ ስባሪ ያለሰልስ ነበር። መቃብሩ ከፊት ለፊት፣ የመንገዱ ጫፍ ላይ ነው።